ከድሮው ፋብሪካ አጥር ሥር የሰቀልኩት የአየር መለኪያ የማንን ጭስ ነው የሚቆጥረው?

የበሬሳ ማዶ
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ቤታችን ከድሮው ፋብሪካ አጥር በስተምዕራብ ሦስተኛው በር ነው። ፋብሪካው ሥራ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ከመስከረም ወዲህ ግን ግቢው እየተጸዳ ነው፦ መጋዘኑ ይፈርሳል፣ ዘይት የጠጣው አፈር እየተቆፈረ በገልባጭ መኪና ይወጣል። መጸዳቱን አልጠላሁም፤ የጠላሁት አቧራውን ነው። እናቴ ጠዋት ያሰጣችውን ነጠላ ቀትር ላይ ስታነሳ ጥለቱ ውስጥ የገባው አፈር አልራገፍ ብሏት በጥርስ ብሩሽ ስታሸው አገኘኋት።

እህቴ ከውጭ ስትመጣ አንዲት የአየር ጥራት መለኪያ አመጣችልኝ። የሻይ ብርጭቆ ታህላለች። ትንሽ ማራገቢያ አየር ይስብላታል፣ ውስጧ ያለው የሌዘር ብርሃን ብናኙን ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ስልኬ ላይ ይመጣል። ኅዳር 10 ከመስኮቱ ውጭ ሰቀልኳት። ኅዳር 12 ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ 412 አሳየች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካዩ ከ15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ መብለጥ የለበትም። 412!

ማታ ማታ ተደብቀው አንድ ነገር ያቃጥላሉ ብዬ ጠርጥሬአለሁ። አቤቱታ ልጽፍ ነው። የሚፈርም ሰው አለ?


ጦስኝ
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ፣ ፊርማ ከመሰብሰብህ በፊት የቀን መቁጠሪያህን ተመልከት። ኅዳር 12 ምን ነበር? ኅዳር ሚካኤል! ኅዳር ሲታጠን! እኔ ራሴ የቤቱን ጉድፍ፣ ያለቀ ሰሌንና ሁለት ጆንያ የባህር ዛፍ ቅጠል ደጃፌ ላይ አንድጄ ሳጨስ አመሸሁ። ከኮረብታው ላይ ሆነህ ብታይ ከተማው በሙሉ ጭስ ለብሶ ነበር። አያቶቻችን በ1911 በኅዳር በሽታ ያለቀውን ሕዝብ እያሰቡ ማጠን ጀመሩ ይባላል፤ እኛ ደግሞ ዛሬ የምናጥነው በፌስታልና በአሮጌ ጎማ ነው። 412 ለዚያ ምሽት ትንሽ ነው ባይ ነኝ።


የበሬሳ ማዶ
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 3፡20

አፈርኩ። ኅዳር ሚካኤል መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ቁጥሩን ሳይ ልቤ ወደ ፋብሪካው ሄደ። ግን ትናንትም 138 ነበር፣ አሁንም ይህን ስጽፍ 121 ላይ ነው። ትናንትና ዛሬ የሚታጠን ነገር የለም። ይህስ?


ግሼ ራቤል
ኅዳር 15፣ ከጠዋቱ 4፡10

እትብቴ የተቀበረው መንዝ ነው፤ አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ነው። ሥራዬ እንዲህ ባሉ ቦታዎች ላይ ነው፤ ለአራት ዓመት አንድ የቀድሞ የከሰል ጋዝ ማምረቻ ሲጸዳ አጥሩ ላይ የአየር መለኪያ ስከታተል ነበር። ስለዚህ ጥቂት ነገር ልጠይቅህ።

አንደኛ፣ ከፍ የሚለው በስንት ሰዓት ነው? ገልባጮቹስ ከስንት እስከ ስንት ይሠራሉ? ሁለተኛ፣ ነፋሱ በዚያ ሰዓት ከየት ይመጣል? ሦስተኛ፣ መለኪያህ ከማን ማእድ ቤት ፊት ለፊት ነው የተሰቀለው?

እኛ ዘንድ አንድ መለኪያ ብቻውን ምንም አይናገርም። ቢያንስ ሁለት ይተከላሉ፤ አንዱ ነፋሱ ወደ ግቢው በሚገባበት በኩል፣ ሌላው በሚወጣበት በኩል። የሚታየው ልዩነቱ ነው። የኒው ዮርክ ደንብ፣ በመውጫው በኩል ያለው የፒኤም 10 (ከደቃቁ ሌላ ተለቅ ያለውንም ብናኝ የሚጨምረው) የ15 ደቂቃ አማካይ በመግቢያው በኩል ካለው በ100 ማይክሮግራም ከበለጠ ውኃ ይረጭ፣ ክምሩ በሸራ ይሸፈን ይላል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ልዩነቱ 150 ካለፈ ቁፋሮው ይቆማል፤ አሠሪው ቢቆጣም ባይቆጣም ይቆማል። የመግቢያው መለኪያ ባይኖር ኖሮ ጎረቤት ሣር ባቃጠለ ቁጥር ሥራ ባስቆምን ነበር።


የበሬሳ ማዶ
ኅዳር 15፣ ከቀኑ 7፡30

ጥያቄህ ዕረፍት አልሰጠኝም። የአምስቱን ቀን ቁጥር በወረቀት አወጣሁት። ከፍ የሚለው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ገልባጮቹ የሚጀምሩት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ 11 ሰዓት ላይ ይቆማሉ። እነሱ በሚሠሩበት ሰዓት ቁጥሩ 20 እና 30 ላይ ነው የሚዋልለው። ይህ እንዴት ይሆናል? አቧራውን በዓይኔ አየዋለሁ፤ በምላሴ እቀምሰዋለሁ።


ግሼ ራቤል
ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 1፡15

አሁን ነገሩ ገባኝ። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገህ ነው የያዝከው።

የማታውና የንጋቱ ጭስ ነው። ሰዓቱን ተመልከት፤ እራት የሚሠራበትና ቁርስ የሚሰናዳበት ሰዓት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ያድራል፣ መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፣ ውርጭ ይጥላል። መሬት ላይ የተኛው አየር ከላዩ ካለው ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ አይነሣም። እንግዲህ የኩበቱና የባህር ዛፉ ጭስ ወጥቶ የት ይሂድ? ምጣድ ላይ አክንባሎ እንደተደፋ ቁጠረው። ጠዋት ፀሐይ ሁለት ሰዓት ላይ ሞቅ ስታደርግ አክንባሎው ይነሣል፣ ቁጥርህም ይወርዳል።

የቀኑ ደግሞ አፈር ነው። የአፈር አቧራ በአብዛኛው ትልልቅ ብናኝ ነው። ያንተ ዓይነት ርካሽ መለኪያ ለጭስ ዓይን አለው፣ ለአፈር ግን ጭፍን ነው ለማለት ይቀራል። ስልክህ ላይ ፒኤም 10 የሚል ቁጥር ይመጣልሃል፤ አብዛኛውን ከደቃቁ ተነሥቶ በስሌት የገመተው ስለሆነ ብዙ አትመነው። ከጣርማበር በኩል ጉም የገባበት ማለዳም እንዲሁ ነው፤ እርጥበት ጠጥቶ ያበጠውን ብናኝ ትልቅ ጭስ ያስመስለዋል።


ባለ ባና
ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 2፡00

ይኸው መጣ! አውቄ ነበር። ሁሌም መጨረሻው የድሃው ምድጃ ነው። ፋብሪካው ስንት ዘመን መርዙን ሲያፈስ ኖረ፣ ሀብታሙ ሸጦ ሄደ፣ አሁን አፈሩ ሲበተን ጥፋተኛዋ ኩበት የምታነድደው አሮጊት ሆነች። ግሼ ራቤል ሆይ፣ ከኒው ዮርክ ሆነህ የእናቴን ጭስ አትቁጠርብን። በዚህ ብርድ እሳት ሳታነድድ እንድታድር ነው?


ግሼ ራቤል
ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 2፡25

ጋሼ ባለ ባና፣ ቁጣዎ አይገርመኝም፤ እኔም ያደግሁት በኩበት ጭስ ዓይኔ እየነደደ ነው። ግን ያልኩትን ደግመው ያንብቡ። ግቢውን ነጻ አላወጣሁም። ይህ ልጅ 138 የሚለውን ማታ ይዞ ቢሄድ፣ የሥራው ኃላፊ ሰዓቱን ብቻ አይቶ ‹በዚያን ጊዜ እኮ ሠራተኛ አልነበረም› ብሎ ያሰናብተዋል። ከዚያ በኋላ እውነተኛውን የቀን አቧራ ይዞ ቢመለስ ማን ይሰማዋል?


ጤና ጣቢያ
ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 4፡50

ነርስ ነኝ፤ የማታ ተረኛ ስለሆንኩ ዘግይቼ ነው የማየው። ጋሼ ባለ ባና፣ ምድጃውን ስንናገር እናቶችን መውቀሳችን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ የሚሞተውን ሰው እ.ኤ.አ. ለ2020 ሲገምት 3.2 ሚሊዮን አድርሶታል። እኔ የማየው ደግሞ ይህ ነው፦ ሲጋራ በእጇ ነክታ የማታውቅ የ50 ዓመት እናት እንደ አጫሽ ታስላለች። ‹ከመቼ ጀምሮ ነው እማማ?› ስላት ‹ከልጅነቴ፣ ሳል መቼ ይለየኛል› ትለኛለች። ፒኤም 2.5 ከጸጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል ያነሰ ስለሆነ አፍንጫ አያስቀረውም፤ ወደ ሳንባው ጥግ ይገባል።

የበሬሳ ማዶ፣ እናትህ አስም ካለባት ገልባጮቹ ሲያልፉ መስኮቱን ዝጉ፤ ማታ ደግሞ ምድጃው ያለበትን ቤት ክፈቱ። ሁለቱን አታምታታ።


ቦይለር ቤት
ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 3፡30

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ እያነበበችልኝ እሷው ትጽፍልኛለች። በዚያ ግቢ ውስጥ 22 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ብዙውን በቦይለር ቤት። ስለ ጭስ ስትከራከሩ ሰማሁና ሌላ ነገር ልንገራችሁ አልኩ።

የቦይለሩ ነዳጅ ታንከር ያንጠባጥብ ነበር። ከሥሩ ያለው አፈር እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ክረምት ሲገባ የሚተኛው ውኃ ላይ ቀስተ ደመና ይሠራል። አሁን የሚቆፍሩት እሱን መሰለኝ፤ ደግ አደረጉ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ጣሪያው ነው። የመጋዘኑ ክዳን ግራጫ፣ ሞገድ ሞገድ ያለው፣ ከቆርቆሮ የሚከብድ ነበር። እኛ የሲሚንቶ ቆርቆሮ ነበር የምንለው። ሲሰበር ጫፉ ላይ እንደ ፂም ያለ ጭረት ይወጣል። ስንበሳው ነጭ ዱቄት ይረግፋል፣ በአፋችን እፍ እያልን እናራግፈዋለን። የእንፋሎቱ ቧንቧም ጥጥ በሚመስል ነጭ ልስን የተጠቀለለ ነበር፤ ጥገና ሲመጣ በእጃችን እየገነጠልን እንጥለዋለን። አንድ ፈረንጅ መካኒክ መጥቶ አፉን ሸፍኖ ሲሠራ ሳቅንበት።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ያንን ክዳን በመዶሻ እየሰበሩ ሲያወርዱት አየሁ። ፋብሪካው በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ቅጠሉን እየነቀለ ወደ ቤቱ የወሰደ ሰው ብዙ ነው።


ግሼ ራቤል
ኅዳር 17፣ ከቀኑ 9፡00

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዚህ ሁሉ ክርክር ይልቅ የእርስዎ ቃል ይበልጥ አስደነገጠኝ።

የሚሉት አስቤስቶስ (ከማዕድን የሚገኝ ጭረት) ይመስላል፤ በርግጥ ነው ለማለት ቁራጩ ላቦራቶሪ መግባት አለበት። ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር ነው፣ ዓይነቱ ሁሉ። ክፋቱ ዛሬ የተነፈሰው ሰው የሚታመመው ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የበሬሳ ማዶ፣ ልብ በል፦ ያንተ መለኪያ ይህን በፍጹም አይለይም። አስቤስቶስ የሚለካው በፓምፕ የታወቀ መጠን ያለው አየር በማጣሪያ ወረቀት ውስጥ ተስቦ፣ ማጣሪያው ላይ የቀሩት ጭረቶች በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ተቆጥረው ነው። መለኪያህ 5 ቢያሳይህ ‹አየሩ ንጹሕ ነው› አትበል። 

ሥራው በትክክል ሲሠራ መጀመሪያ ክዳኑ በውኃ ይርሳል፣ ብሎኑ እየተፈታ ሙሉ ቅጠሉ ሳይሰበር ይወርዳል፣ በወፍራም ላስቲክ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ ምልክት ይደረግበታል፣ ለዚሁ በተለየ ጉድጓድ ይቀበራል። ከሌላው ፍርስራሽ በፊት መውረድ ያለበት እሱ ነው። መዶሻ አይነካውም።


ሰባት ቤት
ኅዳር 18፣ ከጠዋቱ 5፡00

ጥብቅና ላይ ነኝ። አቤቱታውን ለመጻፍ መንገዱ ክፍት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ ጉዳት እንደደረሰበት ማሳየት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ወይም ለክልሉ አቤት ማለት ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘህ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። ደብዳቤህን በመዝገብ አስገብተህ ቁጥር ተቀበል፤ ሠላሳው ቀን መቆጠር የሚጀምርበት ማስረጃህ እሱ ነው። ‹አየሩ ተበክሏል› ብለህ አትጻፍ። ቀን፣ ሰዓት፣ ነፋስ፣ ያየኸውን ጻፍ። የአባታችንን ቃል በፊርማቸው አያይዘው።


ባለ ባና
ኅዳር 18፣ ከቀኑ 8፡15

አቧራው በውኃ ይረጭ ትላላችሁ። እኔ ሰፈር ቧንቧ የሚመጣው ሌሊት ነው፣ እሱም ሲያሰኘው። ባለ ጄሪካን ተሰልፎ ቦቴው መንገድ ላይ ውኃ ሲያፈስ ያየ ሰው ምን እንደሚል አስቡት። (ግሼ ራቤል፣ ባለፈው ስለተቆጣሁህ ይቅርታ። ስለ ክዳኑ ካነበብኩ በኋላ እኔም እንቅልፍ አጣሁ።)


ጦስኝ
ኅዳር 18፣ ከቀኑ 8፡40

ጋሼ፣ ለአቧራ የሚረጭ ውኃ የሚጠጣ መሆን የለበትም። ቦቴው ከበሬሳ ወንዝ ይቅዳ። ሸራውም ውኃ አይጠይቅም፤ የተጫነው አፈር ይሸፈን፣ ገልባጩ በሰፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ይሂድ። ግማሹን አቧራ የሚያስነሣው የሹፌሩ ችኮላ ነው።


የበሬሳ ማዶ
ታኅሣሥ 6፣ ከምሽቱ 2፡10

ጠፋሁ፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ መምህር ጓደኛዬ የራሱን መለኪያ አዋሰኝ። ግሼ ራቤል በግል እንደመከረኝ መጀመሪያ ሁለቱን ጎን ለጎን ሦስት ቀን ሰቀልኳቸው፤ የሱ ከእኔ ትንሽ ከፍ ትላለች እንጂ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ከዚያ አንዷን ከግቢው በስተምሥራቅ አንዲት እናት ደጅ ሰቀልኩ፣ የእኔ ምዕራቡ ላይ ቀረች። ነፋሱን ለማወቅ እንጨት ላይ የፌስታል ቁራጭ አሰርኩ፤ ልጆቹ ባንዲራ ነው ብለው ሳቁብኝ። በየመስኮቱም ነጭ ሳህን አኖርኩ።

ማታ ሁለቱም እኩል ይወጣሉ። በአንድ ምሽት የእኔ 126፣ የምሥራቋ 131። እሑድም ያው፣ ሰኞም ያው። እንግዲህ ጭሱ የሁላችንም ነው፤ አመንኩ።

ቀን ግን ሌላ ታሪክ ነው። ነፋሱ እንደ ልማዱ ከምሥራቅ ሲነፍስ የእኔዋ ብቻ ትነሣለች፤ ብዙ አይደለም፣ ከ20 ወደ 50፣ አፈር የጫነ ገልባጭ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ። እሑድ የለም። ማክሰኞ ዕለት ፌስታሉ ዞሮ ወደ ምሥራቅ ሲውለበለብ የእኔ ዝም አለች፣ የእናታችን መለኪያ ተነሣች። ያን ጊዜ ብቻዬን ጮኽኩ። ሳህኖቹ ደግሞ ከመለኪያዎቹ ይልቅ ተናገሩ፦ ምዕራቡ ላይ በሰባት ቀን ስሜን በጣቴ የምጽፍበት አፈር ተኝቶበታል፣ ምሥራቁ ላይ በጭንቅ ይታያል።

ወረቀቱን፣ የሳህኖቹን ፎቶና የአባታችንን ቃል አያይዤ ደብዳቤውን በመዝገብ አስገባሁ። ሠላሳው ቀን እየተቆጠረ ነው። ከሥራው ኃላፊ ጋርም ተነጋገርኩ። ሸራ ማልበስ ጀምረዋል፣ ቦቴም በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል። ስለ ክዳኑ ስጠይቀው ግን ‹እሱ ሲሚንቶ ነው› ብሎኝ ሄደ። የተሰበረው አሁንም ከፍርስራሹ ጋር ተከምሮ አለ።


ሰባት ቤት
ታኅሣሥ 6፣ ከምሽቱ 2፡30

ክምሩን ከውጭ ሆነህ ፎቶ አንሣ፤ እጅህ እንዳይነካው። ‹ሲሚንቶ ነው› ያለህን ቀንና ሰዓት ጽፈህ ተጨማሪ ደብዳቤ በዚያው መዝገብ ቁጥር አስገባ። ሲሚንቶ ከሆነ በላቦራቶሪ ያሳየን።


የምሥራቋ
ታኅሣሥ 7፣ ከጠዋቱ 4፡00

መለኪያው የተሰቀለው እኔ ደጅ ነው። የምጠይቀው አለኝ። የማእድ ቤቴ ጣሪያ አባታችን ያሉት ዓይነት ነው፤ ስድስት ቅጠል፣ ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና ያኔ ከግቢው አምጥቶ የመታው። አንዱ ከምጣዱ በላይ ተሰንጥቋል። በየፋሲካው ጥላሸቱን በመጥረጊያ ነው የማራግፈው። ምን ላድርግ?


ግሼ ራቤል
ታኅሣሥ 7፣ ከቀኑ 10፡20

እህቴ፣ አይደንግጡ፤ ያልተሰበረው ክዳን ካልተነካ ብዙ አይበንንም። መጥረጊያውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ፤ አይፋቁት፣ ምስማር አይምቱበት፣ ምንም አይብሱበት። የረገፈ ካለ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ጨርቁን አጥበው አይመልሱት፣ በላስቲክ ቋጥረው ያኑሩት። የተሰነጠቀው ሥር ምጣድ አይጣዱ። ቅጠሉን ለማውረድ የሚያውቅ ሰው፣ ውኃና ተገቢው ማስክ ያስፈልጋል።


ቦይለር ቤት
ታኅሣሥ 7፣ ከቀኑ 11፡00

ልጄ፣ ብሎኑን እኔ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ መሰላል ይዤ ልምጣ?


ጤና ጣቢያ
ታኅሣሥ 7፣ ከቀኑ 11፡05

አባቴ፣ እርስዎ መሰላል ላይ አይወጡም! 22 ዓመት የተነፈሱት ይበቃል። ይልቅ ሰኞ እኔ ዘንድ ይምጡ፤ ደረትዎን ላዳምጥ፣ ራጅ የሚነሡበትንም ቦታ እጽፍልዎታለሁ።


የምሥራቋ
ታኅሣሥ 7፣ ከምሽቱ 12፡40

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ምጣዱን ወደ ደጅ አውጥቼዋለሁ፤ ክዳኑ እስኪወርድ እዚያው እጋግራለሁ። የበሬሳ ማዶ፣ ዛሬ ማታ የምሥራቁ መለኪያ ብቻዋን ሰማይ ከነካች ፋብሪካው አይደለም፣ እኔ ነኝ። ወረቀትህ ላይ ጻፈው።